የ12 ወሩን ውል ልፈርም ወይስ በካርዴ ልቀጥል?

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ 26 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። እናቴ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቃ ትኖራለች። የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። የእሷ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ስናወራ ድምፁ ይቆራረጣል። አንድ የስልክ ሱቅ ሁለት ዘመናዊ ስልክ በ12 ወር ክፍያ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ሆኗል። ነገር ግን ለሁለቱም ስልኮች በየወሩ ትልቅ የኢንተርኔትና የድምፅ ጥቅል በእነሱ በኩል መግዛት አለብኝ፤ ገንዘቡም ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ዋስም ያስፈልጋል። ዋስ ሊሆነኝ የተስማማው የፈረቃ አለቃዬ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ወስን ተብያለሁ። አሁን የምጠቀመው የቀን ጥቅል እየገዛሁ ነው፤ ገንዘቤ የት እንደሚገባ ግን አላውቅም። ያለ ውል በአግባቡ የምጠቀመው እንዴት ነው? ለእናቴስ የቱ ኔትወርክ ይሻላታል? በመጨረሻም አዲስ የ07 ቁጥር ባወጣ የድሮውን 09 ልጣለው ወይ? ግራ የተጋባው፣ ከደብረ ብርሃን።»

ልጄ፣ ዕድሜህ ከመጨረሻው ልጄ ጋር እኩያ ስለሆነ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ አትቀየመኝ።

አትፈርም። ምክንያቱን ሳላስረዳ መልሱን ያስቀደምኩት የወሩ መጨረሻ ስለተቃረበ ነው። አሁን ረጋ ብለህ ምክንያቱን አንብብ።

የቀረበልህ ወረቀት አንድ ውል ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። አንዱ የስልክ ዱቤ ነው። ሁለተኛው የጥቅል ግዴታ ነው። ሦስተኛው በአለቃህ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ዋስትና ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ስለታሰሩ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይፈታም። ስልኩ በአራተኛው ወር ባልዲ ውስጥ ቢወድቅ ጥቅሉ መቆረጡን አያቆምም። ሥራ ብትቀይር ወይም ደመወዝህ አንድ ወር ቢዘገይ ሻጩ የሚሄደው ወደ ዋስህ ነው። ጠዋት ፈረቃ ስትገባ ሰላም የሚልህ ሰው ማታ ያንተን ዕዳ ከፍሎ ሲገባ አስበው። የስልክህ መስታወት ተሰነጠቀ እንጂ ስልክህ አልሞተም፤ አሁንም እየደወልክበት፣ ደብዳቤውንም በእሱ ጽፈህ እየላክህበት ነው። የእኛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ይህን የመሰለውን ነው።

ሌላም አለ። አገራችን ውስጥ ለሞባይል በዓመት ውል መታሰር ትርጉም የሌለው ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ኢትዮ ቴሌኮም ያለውን እንቀበል ነበር። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሆነዋል። ጥቅሎች ይወጣሉ፣ ይለወጣሉ፣ ይወደዳሉ፣ በበዓል ሰሞን ጉርሻ ይታከልባቸዋል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ገዢው ያለው ጉልበት አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ ካልተመቸው ነገ ሌላውን መግዛት መቻሉ። ሱቁ በቅናሽ የሚገዛህ ያንን ጉልበት ነው።

ደግሞ ልብ በል፦ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ቅድመ ክፍያ ነው። ቅድመ ክፍያ በባሕርይው ውል አልባ ነው፤ ትሞላለህ፣ ትጠቀማለህ፣ ካልሞላህ ማንም ደጅህን አያንኳኳም። ድህረ ክፍያ የሚባለው፣ ተጠቅመህ በወሩ መጨረሻ ሂሳብ የሚመጣብህ ነው፤ ለድርጅቶችና ብዙ ለሚደውሉ ሰዎች ይመቻል፤ ለአንተ አይደለም። ስለዚህ «ያለ ውል እንዴት ልጠቀም?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ አሁንም የምትጠቀመው ያለ ውል ነው። ችግርህ ውል ማጣት ሳይሆን አለመቁጠር ነው።

«ገንዘቤ የት እንደሚገባ አላውቅም» ያልከው የደብዳቤህ ዋና ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ። ካርድ እሞላለሁ፤ ሁለት ሰው ሳልደውል ይቀንሳል። ኔትወርኩን ስረግም ቆየሁ። በኋላ የልጄ ጓደኛ ስልኬን ተቀብሎ የመልእክት ሳጥኔን ሲከፍተው፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ከአንድ አጭር ቁጥር የሚመጣ የጤና ምክር ተደርድሯል። ምን እንደሆነ ሳላነብ አንድ ቀን «እሺ» ብዬ መልሻለሁ፤ ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብር እየተቆረጠብኝ ነበር። ምክሩ ደግሞ «ውሃ ይጠጡ» የሚል ነበር! ለማቋረጥ የሚላከው ቃል እዚያው መልእክቱ ግርጌ ላይ ተጽፏል፤ ላክሁት፣ ቆመ። አንተም ዛሬውኑ የመልእክት ሳጥንህን ወደ ታች ድረስ ገልብጠህ እየው። ጥቅሎችህም በራሳቸው እንዲታደሱ ተደርገው እንደሆነ አጣራ። በራሱ የሚታደስ ጥቅል ሳትፈርም የፈረምከው ውል ነው።

ይህን ካጠራህ በኋላ ለሁለት ሳምንት የምትሠራው አንድ የቤት ሥራ አለህ። ትንሽ ደብተር ግዛ፤ ከኪስህ የምትገባ ትሁን። በኢትዮ ቴሌኮም መስመርህ ከመተኛትህ በፊት *804# ደውለህ ቀሪውን ጻፍ፤ ስትነሣም ደግመህ ጻፍ። ሌሊት ተኝተህ ሳለ የቀነሰ ነገር ካለ ወይ ከላይ እንዳልኩህ ዓይነት ደንበኝነት ነው፣ ወይ ስልክህ ብቻውን ሲያወርድ አድሯል ማለት ነው። ቴሌግራም ስትጭነው የተላከልህን ፎቶና ቪዲዮ ሳትነካው ራሱ እንዲያወርድ ሆኖ ይመጣል፤ ከማስተካከያው ውስጥ ገብተህ በሞባይል ኢንተርኔት እንዳያወርድ ዝጋው። የአንድ የሠርግ ቡድን ቪዲዮ የአንድ ቀን ጥቅልህን ሙልጭ አድርጎ ሊበላ ይችላል።

ከዚያ የስልክህ ማስተካከያ ውስጥ የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚለውን ክፈት። የትኛው መተግበሪያ ምን ያህል እንደበላ በዝርዝር ያሳይሃል። ጽሑፍ መላላክ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በመተግበሪያ በድምፅ ማውራት በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ቪዲዮ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከሥራ መልስ ጋደም ብለህ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰዓት ካሳለፍክ የበላህን አገኘኸው ማለት ነው። አትይ አልልህም፤ ደክሞህ የገባህ ሰው ነህ። ብቻ ዋጋውን እያወቅክ እይ።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ሁለት ቁጥር በእጅህ ይኖራል፦ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደምታወራና ስንት ሜጋባይት እንደምትጠቀም። ይህን ሳይዙ ጥቅል መምረጥ ወገብን ሳይለኩ ሱሪ ማሰፋት ነው።

አሁን ስሌቱ ላይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁላችንም ትልቁ ጥቅል ይረክሳል ብለን እናምናለን። በወረቀት ላይ እውነት ነው። የምሰጥህ ዋጋ ለስሌት ያህል እንጂ የማንም ታሪፍ አይደለም፦ የወር ጥቅል 10 ጊጋባይት በ300 ብር፣ የሳምንት ጥቅል 1 ጊጋባይት በ40 ብር ቢሆን፣ የወሩ ጊጋባይቱ 30 ብር፣ የሳምንቱ 40 ብር ነው። ሻጩ የሚያሳይህ ይህን ነው። አንተ ግን ደብተርህ ላይ በወር 4 ጊጋባይት ብቻ እንደምትጠቀም ከተጻፈ፣ የወሩ ጥቅል የተጠቀምክበትን እያንዳንዱን ጊጋባይት 75 ብር አስከፈለህ፤ የቀረው 6 ጊጋባይት ቀኑ ሲያልፍ ይጠፋል። አራት የሳምንት ጥቅል ብትገዛ 160 ብር ነበር። ስለዚህ ዋጋውን በተሰጠህ መጠን ሳይሆን በምትጠቀምበት መጠን አካፍል። የቀን ጥቅልን ደግሞ በሌላ በኩል እየው፦ ትንሽ ስለሆነ እጅህ አይሰማውም፣ ግን በየቀኑ ከገዛኸው ወሩ መጨረሻ ላይ ከሁሉም ውዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ግምት፣ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው የድምፁን በወር፣ የኢንተርኔቱን በሳምንት መግዛት ይመቻል የሚል ነው። ከሰው ጋር የምናወራው በየወሩ ብዙም አይለዋወጥም፤ ኢንተርኔት ግን ይዋዥቃል። ድርብ ፈረቃ የገባህበት ሳምንት ስልክህን የምታየው ለሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ሳምንት ካልገዛህ ምንም አይቀርብህም። ደብተርህ ሌላ ካሳየህ ግን የእኔን ግምት ተወውና ደብተርህን ስማ።

የሌሊት ጥቅል እንዳያታልልህ። ርካሽ ነው፤ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የተሠራም ይመስላል። ግን ሌሊት ፈረቃ ስትገባ ስልክህን የት ታስቀምጠዋለህ? ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ስልክ ይዞ መቆም ክልክል ነው፤ ስልኩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። የቀን ፈረቃ ሲሆንም ሌሊቱን ትተኛለህ። አንተ የምትነቃበትና ጥቅሉ የሚሠራበት ሰዓት ካልተገናኙ ርካሽነቱ ለሌላ ሰው ነው።

«ያልተገደበ» የሚለውንም ቃል ተጠንቅቀህ አንብብ። ብዙውን ጊዜ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስበት ደንብ በትናንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ሌላ ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ዋጋው ታክሱን አካትቶ ነው ወይ? የድምፁ ደቂቃስ ወደ ሌላው ኔትወርክ ሲደወልም ይሠራል ወይ? ሁለተኛው ለአንተ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ከ07 ወደ እናትህ 09 የምትደውልበት ጥቅል ውስጠ ኔትወርክ ብቻ ከሆነ ደቂቃው ተቆልሎ እያየህ ከዋናው ሂሳብህ ይቆረጥብሃል። ዝርዝሩን በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# ብለህ ራስህ ታየዋለህ፤ ካልገባህ ወደ 994 ወይም ወደ 700 ደውለህ ሰው ጠይቅ። የሱቅ ልጅ የሚነግርህ ለሱቁ የሚጠቅመውን ነው፤ ሥራው ነውና አልፈርድበትም።

ወደ እናትህ ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት በእሳቸው ምክንያት ነው።

ድምፁ የሚቆራረጠው በስልኩ ምክንያት ነው ብለህ ደምድመሃል። ማን ነገረህ? መንዝን አውቀዋለሁ። ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ታጥፈህ ወደ ሞላሌ ስትጓዝ ሜዳው ለጥ ያለ ይመስላል፤ ከመንገዱ ወረድ ስትል ግን ሸለቆ ከሸለቆ ይወልዳል። የስልክ ሞገድ ከማማው ወደ ስልኩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ መሐል ላይ ሸንተረር ከገባ ይደክማል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ለዚህ ነው ሁለት ጎረቤታሞች ባንድ መንደር እየኖሩ የአንዱ ቤት አራት መስመር ሲያሳይ የሌላው ባዶ የሚሆነው። አንዲት የማውቃቸው እናት እዚያው መንዝ ውስጥ ስልካቸውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ አቁመው ነው የሚያኖሩት። አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ከገባ ይጠፋል። ሲደወልላቸው ስልኩን አያነሡትም፤ እዚያው እንደቆመ ድምፅ ማጉያውን ተጭነው፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ነው የሚያወሩት። ልጃቸው ውድ ስልክ ገዝቶ አመጣላቸው፤ አዲሱም የቆመው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕረፍትህ አገር ስትገባ ፈተናውን ራስህ ሥራ። መጀመሪያ የእናትህን ሲም አውጥተህ ያንተ ስልክ ውስጥ ክተት፤ እሳቸው ከሚቀመጡበት ቦታ ሆነህ ደውል። ያንተም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው፤ አዲስ ስልክ አያድነውም። ያንተ ጥርት ብሎ ከተሰማ የእሳቸው ስልክ አርጅቷል። ከዚያ የሌላውን ኔትወርክ ሲም ከሰው ተውሰህ በዚያው ቦታ ሞክር። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሞክር፤ ምሽት ሰው ሁሉ ስለሚደውል ይጨናነቃል። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከገጠመህማ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ማማው በባትሪው ብቻ ምን ያህል እንደሚቆይ ታያለህ። «የቱ ኔትወርክ ይሻላታል?» ላልከኝ መልሱ ያለው መስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ እዚያ የሚይዘውን ውሰድ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ካርታ ወረዳውን ያሳይሃል፤ የእናትህን ቤት አያሳይህም።

ለእሳቸው ጥቅል አትግዛላቸው። በአገራችን የሚደወልለት ሰው አይከፍልም። እናትህ የሚያስፈልጋቸው ቁጥሩ እንዳይዘጋ የሚያቆይና ድንገት ለሚደውሉበት የሚበቃ ጥቂት ብር ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሞላና ሳይደወልበት የቆየ ቁጥር ሊዘጋ ስለሚችል በየጊዜው ትንሽ ሙላላቸው፤ ካርድ ፍለጋ መሐል ሜዳ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም፣ አንተ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለህ ከቴሌብር ወደ ቁጥራቸው ትልካለህ። ብዙ መደወል የጀመሩ እንደሆነም ጥቅል በስጦታ መልክ ገዝተህ ትልክላቸዋለህ፤ እሳቸው ምንም መንካት የለባቸውም። ለቀሪው ሚስኮል አለ። አንድ ጊዜ ከጮኸ «ደውልልኝ»፣ ሁለት ጊዜ ከጮኸ «የላክኸው ደርሶኛል» ብላችሁ ተስማሙ። ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ከማንኛውም ጥቅል የረከሰ ግን እሱ ነው።

ዘመናዊ ስልክስ ይሻላቸዋል ወይ? እውነቱን ልንገርህ፤ አይመስለኝም። ባለ ቁልፉ አንዴ ሲሞላ ለቀናት ይቆያል፤ ዘመናዊው በየማታው ቻርጅ ይፈልጋል። መንዝ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ የሆነ አገር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የስልክ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ሰዎች ማታ ስልካቸውን ባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልለው ሲያድሩ አይቻለሁ። ፊትህን በቪዲዮ ለማየት ከናፈቁ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን በዚያ ኔትወርክ ፊትህ ቆሞ ድምፅህ ተቆርጦ ከሚያዩህ ይልቅ ድምፅህን ጥርት አድርገው ቢሰሙ የሚመርጡ ይመስለኛል። ጠይቃቸው እንጂ፤ እኔም አንተም የእሳቸውን ፍላጎት ስንገምት ነው የዋልነው። የተበላሸው ስልኩ ከሆነ ደህና ባለ ቁልፍ ስልክ ከእነ ባትሪ መብራቱ ግዛላቸው፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ቢሆን ይመረጣል።

ሲሙ በራሳቸው ስም መመዝገቡንም አረጋግጥ። በገጠር ብዙ ሰው በሱቅ ባለቤት ወይም በዘመድ ስም የወጣ ሲም ይዞ ይኖራል፤ የጠፋ ቀን ግን ምትክ ለማውጣት ባለስሙን ፍለጋ ይዞራል። መታወቂያቸውን ይዘህ አብረሃቸው ብትሄድ አንድ ጠዋት ነው የሚወስደው። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» ለሚል ደዋይም ስልኩን ጆሮው ላይ እንዲዘጉበት ንገራቸው፤ ጨዋነታቸው እንዳያስጠቃቸው።

ያንተን ስልክ በተመለከተ፣ መጀመሪያ መስታወቱን አስቀይር። ንክኪው የሚሠራ ከሆነ መስታወት ብቻ ማስቀየር ከአዲስ ስልክ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። የግድ አዲስ ካልክ ሱቁን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «እጅ በእጅ ብገዛውስ ስንት ነው?» ከዚያ በቅድሚያ የምትከፍለው ካለ እሱን፣ የ12 ወሩን ክፍያና የምትገደድበትን የጥቅል ገንዘብ ደምረህ ከዚያ ጋር አስተያየው። ልዩነቱን ለባልደረቦችህ አሳያቸውና ለአሥር ሆናችሁ እቁብ ግቡ። እቁብም ቢሆን ዕጣህ ቀድሞ ከወጣ ዕዳ ነው፤ ዳኛው ዋስ ሊጠይቅህም ይችላል። ግን ወለድ የለውም፤ ጥቅል ግዛ ብሎም አያስገድድህም። ገንዘቡ እጅህ ሲገባ ገበያውን ዞረህ፣ ዋጋ ተከራክረህ ትገዛለህ። ስትገዛ *#06# ደውለህ የሚመጣውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክር፤ ሁለቱንም ሲም አስገብተህ መሥራቱን እዚያው ሱቁ በር ላይ ሞክር። አንዱን ሲም አልቀበልም ካለ ለአንድ ኔትወርክ ብቻ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ መልስለት።

የተቆረጠብህን ገንዘብ በተመለከተ ከኩባንያው ጋር ክርክር ቢገጥምህ መጀመሪያ ለራሱ ለኩባንያው አመልክት፤ ያመለከትክበትን ቀንና የተሰጠህን መልስ ደብተርህ ላይ ጻፍ። ካልተፈታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የተገልጋይ ቅሬታ መቀበል ከሥራዎቹ አንዱ ነው። የሱቁ የዱቤ ውል ግን በአንተና በሱቁ መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከፈረምክ በኋላ ወደዚያ ብትሮጥ ብዙ አይረዳህም።

የመጨረሻው ጥያቄህ የድሮውን ቁጥር ስለመጣል ነበር። አትጣለው። የባንክ ሂሳብህ ከእሱ ጋር ታስሯል፣ ቴሌብርህም በእሱ ነው፣ የቴሌግራምህ መግቢያም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናትህ በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር እሱ ሊሆን ይችላል። የ07 ቁጥር ማውጣት ከፈለግህ አውጣ፤ ውል የለውም፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ወር ኢንተርኔቱን በእሱ ሞክረው፤ ፋብሪካው ግቢ ውስጥም፣ የተከራየህበት ቤትም፣ መንዝም ስትሄድ። ካልያዘልህ ሳትሞላው ትተወዋለህ፤ ማንም አይጠይቅህም፣ የፈረቃ አለቃህንም ማንም አይጠራውም።